እንዝርትን ላረጋ የሞከርኩበት ሰሞን

ረጀብ 2፣ እሁድ

እትዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ትናንት መጥተው ነበር። የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር የሆነ ሰው ለእንግድነት ሲመጣም ምክትል ዳይሬክተር ነው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ቃኙት፤ የልብስ ስፌት መኪናዬን፣ የተቆለለውን ጨርቅ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸውን ፊደሎች። ከዚያ "ልጅቷስ?" አሉ።

ልጅቷ መኪናው ጠረጴዛ ስር ነበረች። እንዝርት ነው የምንላት። መሾር ስለምትወድ ገና በድክ ድክ ዘመኗ አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ እሱው ጸንቶ ቀረ። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ደስ ሲላት ትሾራለች፤ ስታስብ ወይ ሲጨንቃት ቁጭ ብላ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ካለን ቆይቷል። ትምህርት ቤት "መወዛወዟ ሌሎቹን ይረብሻል" ብለው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጧት፤ እሷም ቤት መጥታ ለሳምንታት ትንፍሽ ሳትል ከረመች። ያኔ ነው "በቃ፣ እኔው ቤት አስተምራታለሁ" ብዬ ያስወጣኋት።

እንዝርት ከጠረጴዛው ስር ወጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ሜትሬን ይዛ ቀጥታ እትዬ ወገብ ላይ ጠመጠመችው። "ዘጠና ስምንት፤ ከነሹራቡ" ብላ አስታወቀች። ባለቤቴ ውሃ ላምጣ ብሎ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ውሃ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እትዬ አልሳቁም። "ልጅ ጠረጴዛ ስር አይማርም። እኔ ጋ ቦታ አስይዤላታለሁ" አሉ። ብዙ ተባባልን። በመጨረሻ ባለቤቴ መሃል ገብቶ አስታረቀን፣ እርቅ ከተባለ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት እትዬ ይመጣሉ፤ እንዝርት በሥርዓት ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊታቸው መጽሐፍ ታነባለች፣ ቁርኣንም ትቀራለች። ከሆነላት ቤት መማሯን ትቀጥላለች። ካልሆነላት እትዬ ትምህርት ቤት ትገባለች።

እኔም "እሺ" አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ረጀብ 4፣ ማክሰኞ

የደንብ ልብስ ትእዛዝ። አንገትጌ፣ አንገትጌ፣ አንገትጌ። ያውም ልጄን ወደ ግድግዳ ላዞረው ትምህርት ቤት! ሥራ ሥራ ነው። ስፌቱን ከውስጥ በኩል እንዳይኮሰኩስ እያንዳንዱን አለሳልሼዋለሁ። አከፋፋዩ "ማንም ለማያየው ነገር ምን ያደክምሻል?" ይለኛል። እኔ የሚኮሰኩስ ስፌት ከለበስኩ ቀኑን ሙሉ የሚሉኝ አይሰማኝም። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው መቼም።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፔዳሉን ስረግጥ ጠረጴዛው ስር ሆና ታነባለች። ስቆም ትቆማለች። ክር ላስገባ ብዬ ባቆምኩ ቁጥር ቃሉን ግማሽ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቀኛለች።

ረጀብ 8፣ ቅዳሜ

ዘዴ አገኘሁ!

ክር ያለቀበት የእንጨት ማጠንጠኛ አናቷ ላይ አቆምኩላትና "እንዳይወድቅ" አልኳት። እንዝርት ሕግ ትወዳለች፤ ሕግ ስጧት እንጂ ሌላ ምንም አትፈልግም። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተወዛወዘች፣ ወደቀ። አነሳች፣ እንደገና። ወደቀ። ስትስቅ ደግሞ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ሳይወድቅ ቆየላት። አቅፌ ሳምኳት።

ማታ አባቷ አውቶቡሱን አስረክቦ ሲገባ በር ላይ ጠብቃ አናቱ ላይ አቆመችበት። "ሰላም ልበላችሁ እንጂ!" እያለ አንገቱን አደንድኖ እስከ ሶፋው ሄደ። "አቢ አለፈ" ብላ ፈረደች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። የእኔ ወዲያው ወደቀ። ደገምኩ፤ ወደቀ። ወንበሩ ስለሚንገዳገድ ነው። አንድ እግሩ ያጥራል መሰለኝ።

ባለቤቴ ወንበሩን ገልብጦ አራቱንም እግሩን አየና መለሰው።

ረጀብ 13፣ ሐሙስ

እናቴ ደወለች። መወዛወዙን ከየት አመጣችው ብዬ አማረርኩላት። ሳቋን ለቀቀችው። "አንቺን ስንት ዘመን በጀርባዬ ያዘልኩሽ ለምን ይመስልሻል? ካወረድኩሽ ወዲያ ወዲህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፔንዱለም ይልሽ ነበር" አለችኝ።

እናቴ እያረጀች ነው፤ እኔንና ታናሼን ታምታታናለች። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።

ጨርቅ ማድረስ አለብኝ። እንዝርት ማጠንጠኛውን ይዛ ወንበር ላይ ናት። ጎበዝ።

ረጀብ 16፣ እሁድ

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

መግሪብን አንድ ላይ ሰገድን። ባለቤቴ ፊት፣ እኛ ከኋላ። እንዝርት ውዱእ ማድረግ ትወዳለች፤ ውሃው ክርኗ ላይ ሲወርድ እያየች ትስቃለች፤ ካልጠራናት እዚያው ታድራለች። ሶላት ላይ ደግሞ ሱጁድ ከወረደች መነሳት የለም። እኛ ተነስተን፣ ደግመን ወርደን፣ ሶላቱን ስንጨርስም እሷ ግንባሯን መስገጃው ላይ እንደተከለች ናት። እኔ ሁልጊዜ ትከሻዋን ነካ አደርጋታለሁ። ዛሬ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። "ተያት። ማን ያስቸኩላታል?" አለኝ በሹክሹክታ።

ተቀምጠን ጠበቅናት። ስትነሳ ግንባሯ ላይ የመስገጃው ጥለት ታትሞባት ነበር። "እዚያ ምን ታደርጊያለሽ የኔ ልጅ?" አላት።

"እዚህ ጭንቅላቴ ዝም ይላል" አለች፤ ግንባሯን እየነካች።

ባለቤቴ ፊቱን አዞረ። ያ ሰው ሰካራም አውቶቡስ ውስጥ ሲያስቸግረው አይደነግጥም፤ ልጁ እንዲህ ስትለው ግን መላ ቅጡ ይጠፋዋል። የማታውን ሶላት፣ ኢሻን፣ ሲያሰግደን ሱጁዱን አስረዘመላት። እኔም በሆዴ አመሰገንኩት። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚያስደስተኝ አላውቅም፤ ሁለቱም የኔ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ።

ረጀብ 22፣ ቅዳሜ

ተሳካ! እንዝርት ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች፤ እግሯ አንድ ላይ፣ እጇ ጭኗ ላይ፣ ማጠንጠኛው አናቷ ላይ። ንቅንቅ አትልም። እትዬ አሁን ይምጡ!

ማንበቡ ትንሽ ወደኋላ ብሏል። መጽሐፉን ስሰጣት ታየዋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ይመጣል። አንድ በአንድ ነው።

መሾሩንም ትታለች። ሳልነግራት። ማንጎራጎሩንም። ቤቱ ጭር ብሏል። እንዲህ ያለ ጭርታ ለምጄ አላውቅም፤ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። ግን መቼም እድገት ነው።

ረጀብ 27፣ ሐሙስ

ድምፅ የለም። "አንብቢልኝ" ስላት ማጠንጠኛውን በጣቷ ታሳየኛለች። አንዱን ልሥራ ወይስ ሌላውን ማለቷ ይሆን? አይ። ደክሟት ነው።

ጠረጴዛው ስር ትግባ ብል ደግሞ የለመደችው ይጠፋባታል። ምን ላድርግ። ያ ረቢ፣ አግዘኝ።

ሻዕባን 3፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ እራት ላይ "እኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፤ ግን አውቶቡሱ ይሄዳል" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"እኔ እንጃ። መጣልኝ ተናገርኩ።"

እንዲህ ነው እሱ። ነገሩን ጣል ያደርግና ሰሃኑን ይዞ ይነሳል። ከዚያ ከማድ ቤት ሆኖ ሌላ ሐሳብ አመጣ። እትዬ ፊት ከመቅረቧ በፊት ሰው ትልመድ፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የምታስቀራዋ ኡስታዛ ዘንድ ውሰጃት አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ብዙ ልጅ፣ ብዙ ጩኸት ነው። ሒጃቧ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ስስ ስፖንጅ ገበር እሰፋላታለሁ። 

ሰፋሁት። ልኩን ለማየት ብዬ አንድ ለራሴም ሰፋሁ፤ ሳላወልቀው ዋልኩ። ምን ያለ ሰላም ነው!

ሻዕባን 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሳቅኩ ይሁን ያለቀስኩ ለይቼ አላውቅም።

ጠዋት እስከ ኡስታዛዋ በር ድረስ መንገዱን ሁሉ ሳስጠናት ሄድኩ። "ምን እናደርጋለን?" "ረጋ እንላለን።" "እጃችንስ?" "ጭናችን ላይ።" ማጠንጠኛውን ኪሷ ውስጥ ጨብጣዋለች።

ኡስታዛዋ የምታስቀራው ረጅሙ በረንዳዋ ላይ ነው። በሩን ስንከፍት ድምፁ ተቀበለን። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ሱራ ጮክ ብሎ ይቀራል፤ እና ሁሉም ይወዛወዛሉ። ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ፣ ትልቁም ትንሹም። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እንዲያውም ግንባሯ መጽሐፍ ማስቀመጫውን ሊነካ ምንም አይቀረው።

እኔ እዚህ ዓይነት ምንጣፍ ላይ ነው ያደግኩት። ልጅነቴን ሙሉ እንዲህ ስወዛወዝ ቀርቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ "ረጋ በይ" ያለኝ አልነበረም። እንዴት ብዬ ረሳሁት?

እንዝርት መሃላቸው ተቀመጠች። እግር አንድ ላይ፣ እጅ ጭን ላይ፣ አፍ ግጥም። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል የማትንቀሳቀሰው እሷ ብቻ ሆነች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ዞር እያሉ ያዩዋት ጀመር። ትምህርት ቤት ስለተንቀሳቀሰች አዩዋት፤ እዚህ ደግሞ ስለረጋች። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ።

ኡስታዛዋ መጣች። ፈርጠም ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ ሴት ናት። "ይቺ ልጅ ምነው እንደ ምሰሶ ተተከለች? አሟት ነው?" አለችኝ።

"የለም፤ እኔ ነኝ ረጋ ማለት ያስተማርኳት" አልኩ። አፌ ላይ እያለ ነው ያፈርኩበት።

"ረጋ? እዚህ?" ሳቀች። "እኔኮ የረጋ ልጅ ካየሁ ተኝቷል ብዬ ነው የምቀሰቅሰው!"

ከዚያ እንዝርት ፊት ቁጭ አለችና አብራት ትወዛወዝ ጀመር፤ ቀስ ብላ። እንዝርት አየቻት። ልጆቹን አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየች። ጥያቄው ገባኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት።

ኪሷ ውስጥ እጇን ሰደደች። ማጠንጠኛውን አወጣች፣ ተነሳች፣ በረንዳውን አቋርጣ መጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሳ ተቀመጠች። አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ያንን ድምፅ ከሁለት ሳምንት በላይ አልሰማሁትም። እንዲያ ጮክ ያለ ግን ከተወለደች ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም! እኔ ማታ ማታ እየሰፋሁ ለራሴ የምቀራውን ሁሉ ይዛዋለች፤ ማንም ሳያስጠናት፣ ከጠረጴዛው ስር። ኡስታዛዋ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" እያለች አንዱን ሱራ ከሌላው እያስከተለች አስቀራቻት። ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ ተጠግታት ተቀመጠች።

ስንወጣ ኡስታዛዋ በር ላይ "አንቺም ነይ፤ ከገባሽ ጀምሮ ከእኛ ጋር ስትወዛወዢ ነበርኮ" አለችኝ። ቀልደኛ ናት ብያለሁ።

ሻዕባን 8፣ እሁድ

ወንበሩን ወደ ጓሮ አወጣሁት። እንዝርት ጠዋት ሳሎን መሃል ሾረች። ደጋግማ ሾረች። አባቷ ትራስ ይዞ ከኋላዋ፣ ከግድግዳ እንዳትጋጭ። እኔ ቁርሱን አሳረርኩት። ሁላችንም ያረረ በላን፤ ማንም አልተከፋም።

ይቅር በይኝ ልላት ፈለግኩ። "ረጋ በይ ማለቴ ልክ አልነበረም" አልኳት። "እሺ" አለችና ሜትሩን አምጥታ አፍንጫዬን ለካችው።

ሻዕባን 18፣ ረቡዕ

እትዬ ደወሉ። ከረመዳን በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅዳሜ ይመጣሉ። "ወንበር ላይ ለመደች?" አሉ። "ተዘጋጅታለች" አልኩ። ይህ ውሸት ነው? አይደለም። ግን እውነቱም አይደለም።

ባለቤቴን "ስምምነቱን እናፍርሰው" አልኩት። "እኔ አስታራቂ ነኝ እንጂ አፍራሽ አይደለሁም፤ አፍራሿ አንቺ ሁኚ፤ እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ" አለኝ።

"ከኋላዬ ማለት ከመጋረጃው ኋላ?"

"እንደ እትዬ አመጣጥ" አለ።

ሻዕባን 24፣ ማክሰኞ

ኡስታዛዋ ጋ ሄድን። እንዝርት ጥርሰ ወላቃዋን "ይቺ ጓደኛዬ ናት" አለችኝ። ጓደኛዬ! መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እንዝርት ዕንባዬን በሜትር ልትለካ ሞከረች።

አንገትጌ አላለቀም። ቅዳሜ ቀረበ። ቦታው ተይዞላታል ብለዋል እትዬ። ያ ክፍልም ግድግዳ አለው።

ሻዕባን 28፣ ቅዳሜ

እትዬ ከቀጠሯቸው ቀድመው መጡ፤ ተማሪን ሳይዘጋጅ ለመያዝ እንደሚመጣ ዳይሬክተር። ሰላምታው እንዳለቀ "እትዬ፣ ወንበር ላይ አትቀመጥም" አልኳቸው።

"ስምምነታችን እንዲያ አልነበረም።"

"አልነበረም። ስምምነቱ ልክ አልነበረም፤ እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ። አንብባ ትጨርስ፤ ከዚያ ይፍረዱ። ግን ስትረጋ ድምፅ የላትም። ሞክሬዋለሁ፤ ልጄ ልትጠፋብኝ ነበር።"

ባለቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። ከመጋረጃው ፊት ነበር። "እውነቷን ነው፣ እትዬ" አለ።

እትዬ ወንበሩን ጠየቁ። ከጓሮ አመጣንላቸውና እሳቸው ተቀመጡበት። እኔ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ያለ ጨርቅ ባዶውን ፔዳሉን ረገጥኩ። ጠረጴዛው ስር ድምፅ ጀመረ። ለዕድሜዋ የታተመውን የንባብ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፤ አራተኛው ታሪክ ላይ እትዬ "ይበቃል፤ ይህስ ከኔ ተማሪዎች ይሻላል" አሉ። እንዝርት ግን አልበቃትም፤ አምስተኛውንም ጨረሰች። ጅምር ነገር አትወድም።

ከዚያ ውዱእ አድርጋ መጣችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። መወዛወዝ፣ መቅራት። ቀስ እያለ ፍጥነት አገኘች። አንድ ረጅም ሱራ ይዛለች፤ ሰሞኑን ኡስታዛዋ ያስያዘቻት ነው። መሃል ላይ አንድ ቦታ ተያዘባት። ቆመች። ደገመች። ቆመች። እኔ ልረዳት አፌን ስከፍት ከወንበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ቀጣዩን የቀሩላት እትዬ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንዝርት ተቀበለቻቸው። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ቀጠሉ፤ ትንሿ ምንጣፍ ላይ፣ ትልቋ ወንበር ላይ። ምክትል ዳይሬክተሯ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ! ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ባለቤቴ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰካው።

ሱራው አለቀ። እንዝርት ተነሳች፤ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ማጠንጠኛውን አመጣች፤ እትዬ አናት ላይ አቆመችው። ወዲያው ወደቀና ተንከባለለ።

"ወደቀ፣ አክስቴ" አለች በሐዘን።

"ምንድን ነው የወደቀው?" አሉ እትዬ።

ጨዋታውን አስረዳኋቸው። ስለ ዝምታውም ነገርኳቸው። ከዚያ የእትዬ ትከሻ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ሳቃቸው ነው! እኔ የእትዬን ሳቅ ከሰርጌ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። የሒጃባቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጠረጉ፤ አልደርቅ አላቸው። መጨረሻው ላይ ሳቅ ብቻ አልነበረም።

"እኔስ ልጅ ሆኜ ስቀራ፣ ስወዛወዝ ተገልብጬ እንዳልወድቅ ነበር የሚፈሩልኝ" አሉ። ደግሞም፣ "የያዝኩላትን ቦታ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ። ሰኞ ክፍል ለክፍል እዞራለሁ፤ ወደ ግድግዳ የተቀመጠ ልጅ ካለ ማየት አለብኝ" አሉ።

ቀጥለውም ዳይሬክተርነታቸው ተመለሰ። "ሂሳቧን ግን ገና አላየሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። ፔዳል የሚረግጥ ሰው አዘጋጁ።"

ሊሄዱ ሲነሱ እጃቸውን ከፍ አደረጉላት፤ እንድትለካቸው። እንዝርት ሜትሩን ጠመጠመችባቸው።

"ቀነስኩ?"

"አልቀነሱም" አለች።

"እውነት ተናጋሪ ናት፤ በሂሳብ አትቸገርም" ብለው ወጡ።

ሻዕባን 29፣ እሁድ

ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ፣ የጨረቃዋ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አድማሱን ያያል፤ እንዝርት መሰላሉን ይዛለታለች፤ እሷ ያዘችው ማለት መሰላሉም ይወዛወዛል፤ "ያ አላህ፣ ልጄ!" ሲል እስከዚህ ይሰማል።

ብቻዬን ስሆን ማጠንጠኛውን አነሳሁት። እንዲያው፣ ለጨዋታ። እትዬ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኜ አናቴ ላይ አቆምኩት። ወደቀ። የሚንገዳገድ ወንበር ነው ብዬ ከማድ ቤት ሌላ አመጣሁ። ወደቀ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ መሬት ላይ፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። ወደቀና እስከ በሩ ተንከባለለ።

እንዝርት በር ላይ ቆማ ኖሯል። አነሳችውና ወንበሮቹን አየች፣ ምንጣፉን አየች፣ እኔን አየች።

"ኡሚ፣ መሬቱም ይንገዳገዳል?"

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ዕንባዬ፤ ከዚያ ሁለቱም። መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትከሻ ለትከሻ። ወደፊት። ወደኋላ። ጭንቅላቴ ዝም አለ።

አባቷ ሲወርድ ለእናቴ እደውላለሁ፤ አላምታታሽም ልላት።